«ምች ነው» ስንል ያለፈው ሰዓት፦ አካል አልታዘዝ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

አጎቴ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አዘዞ ቤቱ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣ ነበር። ቶናው ላይ ሲኒው ከቀኝ እጁ ወደቀ። አንስቼ ሰጠሁት። እንደገና ወደቀ። «ምነው ጋሼ?» ስለው ሊመልስልኝ ሞከረ፤ ምላሱ ተሳሰረ። የአፉ ቀኝ ጥግ ወደ ታች ወርዷል።

«ምች ነው!» አለች አክስቴ። ዳማከሴ ታሸ፣ አፍንጫው ሥር ተያዘ። ራሱ በሻሽ ታሰረ፣ ጋቢ ተደረበበት። «ላብ ካወጣው ይለቀዋል» ተባለ። ዳማከሴውን ከጎረቤት አጥር ሮጬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ እዚህ የምወቅሰው ሌላ ሰው የለም።

ሆስፒታል የደረስነው አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሟ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችን። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» 3 ሰዓት ላይ ነበር። 8 ሰዓት ሙሉ በዳማከሴ ጠፍቷል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ልብ እላለሁ። ስህተቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ጆሯችን ከለመዳት አንዲት አባባል ነው።

«ምች ነው»

የአጎቴ ሕመም ስትሮክ ነበር። ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። ተዘግቶ በቆየ በየደቂቃው ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እርግጥ መድኃኒቱ እኛ አገር በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ያም ሆኖ ቶሎ መድረስ ከንቱ አይደለም። በሲቲ ስካን የደም ሥሩ ተዘግቶ ይሁን ፈስሶ ይለያል፤ ሕክምናቸው ለየቅል ነውና። ስኳሩ ይለካል። የስኳር መውረድም ስትሮክ ሊመስል ይችላል፣ እሱ ደግሞ በደቂቃዎች ይስተካከላል።

ቤት ውስጥ ሦስት ነገር ይሞክሩ። ፈገግ ይበል፣ ፊቱ በአንድ በኩል ይወርዳል? ሁለት እጁን ያንሳ፣ አንዱ እየወደቀ ነው? «ዛሬ እሁድ ነው» ይበል፣ ቃሉ ይጎተታል? አንዱ እንኳ ካለ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጻፉና ይነሡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን።

ፊት ብቻ የሚጣመምበት ሌላ ሕመምም አለ። የፊት ነርቭ ሲያብጥ የሚመጣ ነው፣ አብዛኛው ሰው ይድናል። ግንባሩን ማኮማተርና ዓይኑን መጨፈን የሚያቅተው እንዲህ ያለው ነው። የእሱም መድኃኒት በ3 ቀን ውስጥ ቢጀመር ነው የሚበጀው። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ዳማከሴ አያዋጣም። ሁለቱን መለየት ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው።

«ትንሽ ውኃ ይቅመስ»

አይቅመስ። ጉሮሮውም ደክሞ ሊሆን ይችላል። ውኃው፣ ማሩ፣ ጠበሉም ቢሆን ወደ ሳንባ ይገባል። ትውከት ካለው በጎኑ ያስተኙት። አስፕሪን የሚያቀብሉም አሉ፤ አንጎል ውስጥ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል። «ደም ብዛቱ ተነሥቶበት ነው» ብሎ የግፊት ክኒን ደርቦ መስጠት ደግሞ ግፊቱን ድንገት ይጥልና ለአንጎል የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል።

«አለፈለት እኮ»

እጁ ለሩብ ሰዓት ደነዘዘ፣ ከዚያ ተመለሰ። ሁሉም «ተመስገን» ብሎ ተበተነ። ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው። ትልቁ ስትሮክ በተከታዮቹ ቀናት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሊከተል ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

«ወጌሻ ይየው»

ለወጌሻ ክብር አለኝ፤ ልጅ ሳለሁ የወለቀ ጣቴን መልሰውልኛል። ጀርባ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ ሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ ጀርባ ላይ እንደ ጉብታ ብቅ ያለ አጥንት። ከዚያ እግር መክበድ ይጀምራል። ይህ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለናል። አከርካሪን ሲበላ ግን አጥንቱ ይደቅቅና በውስጡ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ፣ ሰረሰሩን፣ ይጫነዋል፤ ሽባነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ጀርባ ማሸትና መጫን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ አይከብድም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፣ 12 ወር ይወሰዳል። ቶሎ ከተጀመረ ብዙዎቹ ተመልሰው ይራመዳሉ። ሽንት መያዝ ካቃተ ወይም ከታገደ ግን ነገ አይባልም።

ከጣሪያ ወይም ከዛፍ የወደቀንም እንዲሁ። ብብቱን ይዞ ማስቀመጥ፣ ባጃጅ ውስጥ አጣጥፎ መክተት ያልተቆረጠውን ሰረሰር ይቆርጣል። ከተነቀለ በርም ሆነ ከጣውላ ላይ ቀጥ አድርገው ያስተኙት፣ አንገቱን አያንቀሳቅሱ።

«ልጁ ሰንፎ ነው»

ትናንት ሲሮጥ የነበረ ልጅ ዛሬ እግሩ ከላላ ስንፍና አይደለም። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጅ ወይም እግሩ ድንገት ሲልፈሰፈስ ለጤና ጣቢያ መነገር አለበት። በ14 ቀን ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ የሰገራ ናሙና ይወሰዳል፤ ፖሊዮ መሆን አለመሆኑ እንዲለይ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ2006 ዓ.ም. ነው። በቂ ልጅ ባልተከተበበት አካባቢ ከክትባቱ ቫይረስ ተለውጦ የሚነሣው ዓይነት ግን አልጠፋም። ትኩሳት ላለው ልጅ «መርፌ ይወጋልኝ» ብሎ መለማመጥም ይቅር። ፖሊዮ ይዞት ከሆነ የተወጋው እግር የመስነፍ ዕድሉ ይጨምራል።

ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ድካምም አለ፤ ጊላን ባሬ ይባላል። ትልቁንም ትንሹንም ይይዛል። መጀመሪያ እግር ይነዝራል፣ ከዚያ ደረጃ መውጣት ያቅታል። በቀናት ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል፣ የሚገድለውም እሱ ነው። «ድካም ነው፣ ይተኛ» የሚባልለት በሽታ አይደለም።

«የጓያ እንፋሎት መታው»

ይሄ የእኛው የጎንደሮች ነው። በ1969 ዓ.ም. ገደማ ደንቢያ ላይ ጓያ ብዙ ሰው ከእግሩ ጥሏል። ጓያ ድርቅም ውኃም አይበግረውም፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ችግሩም እዚያ ነው። ለ2 እና 3 ወር ዋናው ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይገድላል። እግር ይደርቃል፣ ሲራመዱ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል፣ ጣት ምድር ይጭራል፣ በትር ይያዛል። አእምሮ ግን ደህና ነው። አብዝቶ የሚመታው ደግሞ ጎረምሶችን ነው።

ሰው እንፋሎቱን ይፈራል፣ ገለባው ላይ መተኛትን ይፈራል። የሚጎዳው ግን መብላቱ ነው። ስለዚህ ቂጣውንም ሽሮውንም ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅሉ። ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉ፤ መርዙ ይቀንሳል፣ ጨርሶ አይጠፋም። እሸቱን አብዝተው አይብሉ። እግር ከከበደ ወዲያው ያቁሙ፤ የደረቀ እግር አይመለስም።

«ጠበል ጀምሯል፣ ክኒኑን ትቷል»

ጠበሉን ይጠጣ፣ ይጠመቅ። ክኒኑን ግን ማን አቁም አለው? ደም ብዛት ከ140 በ90 በላይ እየቆየ ስሜት አይሰጥም። ራስ ምታት ሲጠፋ ድኛለሁ ብሎ መተው ሁለተኛውን ስትሮክ መጥራት ነው።

አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጀርባውና ተረከዙ ይቆስላል። ስናነሣው የደከመውን እጅ አንጎትት፤ ትከሻው ይወልቃል። እኛ አጎቴን ለሁለት ሳምንት እንዲያ ስንጎትተው ከረምን። ያረመን ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። ሸሚዝ ሲለብስ መጀመሪያ የደከመው እጅ ይገባል፣ ሲያወልቅ ደግሞ የደከመው መጨረሻ ይወጣል። ይቺን ካወቅን በኋላ ጠዋት ጠዋት ጩኸት ቀረ።

በዐቢይ ጾም እንደገና ተጨቃጨቅን። አጎቴ እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምስም፣ ክኒኑ ደግሞ የጠዋት ነው። «ፈጣሪ ያያል» እያለ አስር ቀን ሳይውጥ ከርሟል። ለሐኪሟ ስንነግራት ሳቀችና ሰዓቱን ወደ ማታ ቀየረችለት። ይኼው ነበር። አሁን እራት በልቶ ሲኒውን በግራ እጁ ሲይዝ፣ ክኒኑን አክስቴ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች።