ሮለር ኮስተር ለሚፈራ ሰው ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤተሰብ ሰብስበው ወደ መዝናኛ ፓርክ ይወጣሉ። ሜሪላንድ ውስጥ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ከተዘጋ ወዲህ በመኪና ሄዶ ለመመለስ የሚመቹት ትልልቅ ፓርኮች ሦስት ናቸው፤ ቨርጂኒያ ያሉት ኪንግስ ዶሚኒየንና ቡሽ ጋርደንስ፣ እንዲሁም የፔንስልቬንያው ኸርሺፓርክ። ከሚሄዱት መካከል ሮለር ኮስተርን፣ ማለትም ሽቅብና ቁልቁል በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚወረወረውን የመዝናኛ ባቡር፣ የሚፈራ ሰው አይጠፋም። እናት ትሆናለች፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይሆናል፣ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ። ያ ሰው ወይ የሌሎቹን ቦርሳ ሲጠብቅ ይውላል፣ ወይ በማይሆነው ተሳፍሮ ሁለተኛ ላይወጣ ይምላል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ ብዙውን ጊዜ ቀኑን የሚያበላሸው የሰውየው ፍርሃት ሳይሆን የተመረጠለት ባቡር ነውና።

ምኑን እንደሚፈራ ሳይጠይቁ መምረጥ

ዋናው ስህተት ይህ ነው። «እፈራለሁ» የሚል ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር አይደለም። አንዱን የሚያስጨንቀው ከፍታው ነው። ባቡሩ በሰንሰለት እየተጎተተ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ መሬቱ ከሥሩ እየራቀ ሲሄድ እጁን ያልበዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፍጥነት ግን ይወደዋል። ሌላዋ ከፍታ ምኗም አይደለም፤ የምትጠላው ቁልቁል ሲወረወሩ ሆድ ወደ ላይ የሚነሣበትን ያንን ስሜት ነው። መገልበጥን የሚፈራ አለ፤ ጨለማን የሚፈራ አለ፤ ማቀፊያው ደረቱ ላይ ወርዶ ሲቆለፍ ትንፋሽ የሚያጥረው አለ። ምንም ሳይፈራ፣ አዙሮኝ ያስመልሰኛል ብሎ ብቻ የሚሰጋም አለ።

ይህን ለማወቅ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አውሮፕላን ድንገት ዝቅ ሲል ምን ይሰማሃል? ከአሥረኛ ፎቅ በረንዳ ወደ ታች ማየት ትችላለህ? መኪና ውስጥ ስልክ ስታነብ ያዞርሃል?

ከፍታ ለሚያስፈራው ሰው ሰንሰለት የሌለውን መፈለግ ይሻላል። ኪንግስ ዶሚኒየን ያለው ባክሎት ስተንት ኮስተር ከቆመበት ተነሥቶ በ3 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት ወደ 64 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ የሚወጣበት ጊዜ ስለሌለ ሰውየው የሚጨነቅበትን ደቂቃ አያገኘውም። ለሚያዞረው ደግሞ የሚሽከረከሩትን ከመጀመሪያው ከዝርዝሩ ማውጣት ነው፤ ኸርሺፓርክ ያለው ላፍ ትራክ በጨለማ ቤት ውስጥ ፉርጎው እየዞረ የሚሄድ ስለሆነ፣ ዝቅተኛ ቢሆንም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከትልልቆቹ ይከብደዋል። መታፈንን የሚፈራ ከትከሻ የሚወርድ ማቀፊያ ያለበትን ትቶ ጭን ላይ ብቻ የሚያርፍ ብረት ያለውን ይምረጥ፤ የኪንግስ ዶሚኒየኑ ሬሰር 75 እና የኸርሺፓርኩ ኮሜት እንዲያ ናቸው።

የማይገለብጠውን ሁሉ ቀላል ነው ማለት

«አይዞሽ፣ ይሄኛው አይገለብጥም» እየተባለ ስንት ሰው ለከባዱ ተዳርጓል። ኸርሺፓርክ እ.ኤ.አ. በ2020 የከፈተው ካንዲሞኒየም አንድም ቦታ አይገለብጥም። ከፍታው ግን 64 ሜትር ነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ የሚከተሉት ጉብታዎች ደግሞ የተሠሩት ሰውን ከመቀመጫው ለማንሣት ነው። ባቡሩ የጉብታውን ጫፍ ሲያልፍ ሐዲዱ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ሰውነት ግን ወደ ላይ መሄዱን ሊቀጥል ይፈልጋል፤ ጭን ላይ ያለው ብረት ነው መልሶ የሚይዘው። የሆድ መነሣት የሚባለው ስሜት የሚመጣው ከዚሁ ነው። ቡሽ ጋርደንስ ያለው አፖሎስ ቻሪየትም ያው ነው፤ ሳይገለብጥ 64 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል።

እዚያው ኸርሺፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚሠራው ሱፐርዱፐርሉፐር አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይገለብጣል፤ ሆኖም ከፍታው 23 ሜትር ገደማ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 72 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሆዷ ሲነሣ ለማትወድ ሴት ይህኛው ከካንዲሞኒየም እጅግ ይቀላታል። ውኃ የያዘ ባልዲ ክንድን ዘርግተው በፍጥነት ቢያሽከረክሩት ባልዲው ሲዘቀዘቅም ውኃው እንደማይፈስ ሁሉ፣ በሉፕ (ሐዲዱ ሽቅብ ዞሮ ሰውን በሚገለብጥበት ቀለበት) ውስጥ የሚያልፍ ሰውም ወደ መቀመጫው ይጫናል እንጂ አይንጠለጠልም። የዛሬዎቹ ሉፖች ክብ አይደሉም፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያሉ ናቸው። ቨርነር ሽቴንገል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ለካሊፎርኒያው ማጂክ ማውንቴን ሪቮሉሽን እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ቅርጽ ተግባራዊ ካደረገ ወዲህ፣ ጥንት በክብ ሉፕ አንገት ላይ ያርፍ የነበረው ጫና ቀርቷል። መገልበጥ ለሚያስፈራው ሰው ይህን ማስረዳት ብቻውን ብዙ ይረዳል።

በቁመት ብቻ መለካት

አቡ ዳቢ ፌራሪ ወርልድ ያለው ፎርሙላ ሮሳ ከፍታው 52 ሜትር ነው፤ ከካንዲሞኒየም ያንሳል። ነገር ግን ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ ተሳፋሪው የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጎ ነው የሚወጣው። ኤምሬትስ የምትኖሩ ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳፈርን ሰው እዚያ ላይ አታስጀምሩ።

በተቃራኒውም ትንንሾቹ ያታልላሉ። የኪንግስ ዶሚኒየኑ አፕል ዛፕል በትንሽ ፉርጎ ጥቂት ሰው ይዞ የሚሄድ፣ ከሩቅ ሲያዩት የልጆች መጫወቻ የሚመስል ነው። ጎማዎቹ ወደ ኋላ ገባ ስላሉ ግን ኩርባው ላይ ሲደርስ የፉርጎው አፍንጫ ከሐዲዱ ወጥቶ ባዶ አየር ላይ ይታያል፤ ወደቅን ሲሉ ነው ድንገት የሚታጠፈው። ገደል የሚያስፈራውን ሰው ይህኛው ክፉኛ ያስደነግጠዋል።

በር ላይ ያለው የቁመት መለኪያም የፍርሃት መለኪያ አይደለም። 48 ኢንች ወይም 54 ኢንች የሚለው ሰሌዳ የሚናገረው መያዣው የሚይዘውን አካል ነው። ልጁ ቁመቱ ደረሰ ማለት ልቡ ደረሰ ማለት አይደለም።

እንጨቱን ማቃለል፣ ጨለማውን መርሳት

የእንጨት ኮስተር አሮጌ ስለሚመስል ለስለስ ያለ ይመስላል። እንጨት ግን ያንቀጠቅጣል፣ ይንጫጫል፣ ወደ ጎን ይወረውራል። እኔ በግሌ እወደዋለሁ፤ አንገቱንና ወገቡን ለሚያመው ሰው ግን አልመርጥለትም። ከእንጨቶቹ መካከል ለጀማሪ የምመርጠው ሬሰር 75ን ነው፤ ኪንግስ ዶሚኒየን እ.ኤ.አ. በ1975 ሲከፈት ጀምሮ ያለ፣ ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን የሚሽቀዳደሙበት ነው። በጎን የሚሄደውን ባቡር ማየቱ ሐሳብን ይሰርቃል። እንጨት የሚመስለው ሁሉ ደግሞ እንጨት አይደለም፤ እዚያው ኪንግስ ዶሚኒየን ያለው ትዊስትድ ቲምበርስ ምሰሶው እንጨት፣ ሐዲዱ ብረት ነው፤ ከመጀመሪያው ቁልቁለት ጀምሮም እየጠመዘዘ ይገለብጣል። መልኩን አይተው የዋህ ነው ብለው አይግቡ።

በሕንፃ ውስጥ ያሉት ሌላ ነገር ናቸው። ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒው ስፔስ ማውንቴን ፍጥነቱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና መንደር ውስጥ ከሚሄድበት አይበልጥም። የሚያስፈራው በጨለማ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ቀጥሎ ወዴት እንደሚታጠፍ የማያይ ሰው ሰውነቱን አያዘጋጅም። ከፍታ የሚፈራ ግን ጨለማውን ሊወደው ይችላል፤ መሬቱን አያየውምና። ስለዚህ ነው መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን።

የትም ይቀመጥ ማለት

በአንድ ባቡር ውስጥ የፊቱና የኋላው መቀመጫ አንድ ዓይነት ጉዞ አይደሉም። ባቡሩ የመጀመሪያውን ከፍታ ጫፍ ሲይዝ ፊት ያሉት ቁልቁለቱን ጎንበስ ብለው ያዩታል፤ ሆኖም የባቡሩ ጅራት ገና ሰንሰለቱ ላይ ስለሆነ የሚወርዱት ቀስ ብለው ነው። የኋላው ፉርጎ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን አብዛኛው ባቡር ቁልቁል እየሮጠ ነው፤ የፊቱ ክብደት የኋላውን ጎትቶ ይወረውረዋል። ሆዱ ሲነሣ የማይወድ ሰው የኋላውን ረድፍ ሊርቀው ይገባል። ማየት ካላስፈራው ፊት ይቀመጥ፤ ካስፈራው መሐሉ ከሁሉ የለዘበ ነው። በእንጨቶቹ ላይ ደግሞ ልክ ከጎማው በላይ ያለው መቀመጫ ይበልጥ ያንገጫግጫል፤ በሁለት ጎማዎች መካከል ያለውን ረድፍ ይምረጡለት።

ተቀምጦም ጀርባና ራሱን ወደ መደገፊያው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ገልጦ ሐዲዱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይመልከት። ዓይን መጨፈን የማዞሩን ነገር ያብሰዋል። ቁልቁል ሲጀምር ትንፋሽ ከመያዝ ማስወጣት፣ ወይም መጮህ ይሻላል።

ምንም ሳይነግሩ ማሳፈር

«አንነግረውም፣ ይደነግጥ» የሚባለው ለደፋር ይሆናል። የሚሰጋ ሰው ግን ሲያውቅ ነው የሚረጋጋው። የባቡሩን ጉዞ ከፊት መቀመጫ የተቀረጸ ቪዲዮ ማታ ቤት ውስጥ ያሳዩት፤ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት፣ ከሦስት ደቂቃ እንደማይበልጥ ይንገሩት። ፓርኩ ውስጥም ቀድሞ አጥሩ ሥር ቆሞ ሁለት ሦስት ባቡር ሲያልፍ ይመልከት፤ የሚወርዱትንም ሰዎች ፊት ይይ።

ሽቅብ ሲወጣ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብዙዎችን የሆነ ነገር እየተሰበረ ነው ያሰኛቸዋል። በብዙ ኮስተሮች ላይ ያ ድምፅ ከፉርጎው ሥር ያለው ብረት ሐዲዱ መሐል ያሉትን ጥርሶች አንድ በአንድ ሲያልፍ የሚሰማ ነው፤ ሰንሰለቱ ቢለቅ እንኳ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጥርሱ ይይዘዋል። ጎማዎቹም ከላይ ብቻ አይደሉም፤ በጎንና ከሐዲዱ ሥርም አሉ። ከሥር የሚይዘውን ጎማ ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፤ ባቡሩ ከሐዲዱ ወደ ላይ የማይነሣው በእርሱ ነው። ይህን የሰማ ሰው ድምፁን ሲሰማ የሚያስበው ሌላ ነው።

በትልቁ መጀመር

«አንዴ ትልቁን ከቻልክ ሌላው ቀላል ነው» የሚለው ምክር የሚሠራው ጥቂቶች ላይ ነው። ኪንግስ ዶሚኒየን ውስጥ 93 ሜትር ከፍታና በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያለው ኮስተር አለ፤ ያንን ጠዋት የቀመሰ ፈሪ ከሰዓት በኋላ ሌላ አይሞክርም። እኔ ብሆን በትንሹ የእንጨት ኮስተር በዉድስቶክ ኤክስፕረስ እጀምርና፣ ወደ ባክሎት አልፌ፣ ከዚያ ሬሰር 75 ላይ አሳፍራለሁ። እዚያ ላይ ሳቀ? በቃ፣ ያንኑ ይድገም። ወደ ሉፕ መሄዱን እርሱ ራሱ ሲጠይቅ ይሆናል።

ቁርስንም አይርሱ። በባዶ ሆድ፣ በነሐሴ ሙቀት የተሳፈረ ሰው ከጠገበው እኩል ያቅለሸልሸዋል። ጾመ ፍልሰታ የሚገባው ፓርኮቹ በሚደምቁበት ወቅት ስለሆነ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ካለ ጉዞውን ወደ ሐምሌ ማምጣት፣ ካልሆነም እርሱን የሚያሳፍሩበትን ሰዓት እህል ከቀመሰ በኋላ ማድረግ ነው። ውኃና ደረቅ ዳቦ ይበቃል፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ለማታ ይቆይ።

«እሺ» ስላለ ፈቅዷል ማለት

እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ከአገር ቤት የመጣች አክስት ልጆቹ ቅር እንዳይላቸው «እሺ የኔ ጌታ» ብላ ትሰለፋለች፤ ልቧ ግን አልፈቀደም። ወረፋው ውስጥ ዝም ካለች፣ ብረቱን አጥብቃ ከያዘች፣ ሰው እያሳለፈች ወደ ኋላ ከቀረች ነገሩ ግልጽ ነው። «ምን ያስፈራል?» ማለት አያግዛትም። ባቡሩ ጋ ከተደረሰ በኋላም ለሠራተኛው «አልሳፈርም» ማለት ይቻላል፤ ማቀፊያው ከመቆለፉ በፊት ተነሥቶ በሌላኛው በኩል መውጣት የተለመደ ነው፣ ማንም አይቆጣም። ይህን ሰልፍ ሳትገቡ ንገሯት። ብዙ ትልልቅ ኮስተሮች በር ላይ የመሞከሪያ መቀመጫ ያስቀምጣሉ፤ እዚያ ተቀምጣ ማቀፊያውን አውርዳ ትየው።

«አልችልም» ያለን ሰው ለምን ብሎ መጠየቅም መልካም አይደለም። በየመግቢያው ያለው ማስጠንቀቂያ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባቸው፣ አንገታቸውንና ጀርባቸውን የሚያማቸው፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ እንዳይሳፈሩ ይከለክላል። ከእነዚህ ውስጥ ሰው በዘመድ ፊት የማይናገረው አለ፤ ገና ለማንም ያልተነገረ እርግዝናም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ «ይቅርብኝ» ካለች፣ ቀዝቃዛ ውኃና ጥላ ያለው አግዳሚ ፈልጉላት፤ ቦርሳውንም ከፍላችሁ ሎከር ውስጥ አስቀምጡት።