ልጆች ይዘን ስንበር ወንበር የሚያሳጡን ስህተቶች

ለገና ወይም ለትምህርት ቤት ዕረፍት አዲስ አበባ ደርሶ ለመምጣት አራት አምስት ትኬት የሚቆርጥ አሜሪካ ያለ ቤተሰብ ከሁለት ሥጋት አያመልጥም። አንዱ «ከወንበሩ በላይ ሸጠው ኤርፖርት ላይ ይመልሱን ይሆን?» የሚለው ነው። ሌላው «ልጆቹን ከእኛ ነጥለው ያስቀምጧቸው ይሆን?» የሚለው ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይወራል፤ የሚደርሰው ግን በጥቂት ሰው ላይ ነው። ዘወትር የሚያጋጥመው ሁለተኛው ነው። መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ ኤርፖርት ያለችው ሠራተኛ ሳትሆን ከወራት በፊት ትኬቱ የተቆረጠበት መንገድ ነው። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ቤተሰቡን በተለያየ ቁጥር ማስያዝ

አባት የራሱንና የልጆቹን ትኬት በካርዱ ከኢንተርኔት ይገዛል። የእናትየውን ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ወንድሟ በሚያውቀው ትኬት ቢሮ ያስቆርጥላታል። አለዚያም ገጹ ላይ አራት ሰው ሲሞላ ዋጋው ይወደዳል፣ ሁለት ሁለት ተደርጎ ሲሞላ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው በርካሹ ዋጋ የቀሩት ሁለት ወንበሮች ብቻ ሲሆኑ ሲስተሙ አራቱንም በውዱ ዋጋ ስለሚያሰላቸው ነው። ይህን የደረሰበት ሰው ለሁለት ከፍሎ ይገዛል፤ ገንዘብም በእርግጥ ያተርፋል። ለአየር መንገዱ ኮምፒውተር ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለት የማይተዋወቁ ወገኖች ናቸው። ኮምፒውተሩ ወንበር ሲያድል አንድ ላይ ለማድረግ የሚሞክረው ትኬት ሲቆረጥ በሚሰጠው በአንድ ማስያዣ ቁጥር ያሉትን ነው። በረራ ሲሰረዝ ደግሞ አንዱን ቁጥር ወደ ዛሬ ማታ፣ ሌላውን ወደ ነገ ሊያዛውር ይችላል።

እኛ ላይ ይህ ነገር ይብሳል። የአሜሪካ ሠራተኛ የተሳፋሪ ዝርዝር ስታይ ቤተሰብ መሆናቸውን የምትገምተው በመጨረሻው ስም ነው። የእኛ እናት በአባቷ ስም ትጠራለች፣ አባትየው በአባቱ፣ ልጆቹ ደግሞ በአባታቸው ወይም በአያታቸው። በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ማግኘት ብርቅ አይደለም። በዚህ ላይ ቁጥሩም ከተለያየ፣ እናትና ልጅ መሆናቸውን የሚናገር አንዳች ነገር ስክሪኑ ላይ የለም።

ከተቻለ ሁሉም በአንድ ቁጥር ይግቡ። የዋጋው ልዩነት ትልቅ ሆኖ መለያየት ግድ ካለ፣ ቢያንስ እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ይሁን። ከዚያ አየር መንገዱ ጋ ደውላችሁ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው የሚጓዙ መሆናቸው በማስታወሻ እንዲያያዝ ጠይቁ። ማስታወሻው ወንበር አያስጠብቅም፤ ችግር ሲፈጠር ግን መዝገቡን የሚከፍተው ሰው ያየዋል። የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት ቅጂ በእጅ ቦርሳ መያዝም አይከፋም።

የልጅን ዕድሜ ሳያስተውሉ መሙላት

የትውልድ ቀን የሚሞላው ፓስፖርቱ ላይ ባለው አቆጣጠር ነው። ይህን መናገር የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር። ነገር ግን አገር ቤት ያለ ዘመድ ትኬት ሲያስቆርጥ የሕፃኑን የትውልድ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ከነገረ፣ ሲስተሙ ሕፃኑን በሰባትና ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ታቅፎ መሄድ የሚችለው ልጅ ሙሉ ወንበር የሚከፈልበት ልጅ ይሆናል። ሲስተሙ ልጅን ከወላጅ ጋር የሚያስቀምጠውም በዚሁ ቀን ተመርቶ ስለሆነ፣ ቀኑ ከተሳሳተ ሌላውም ይበላሻል።

በዕቅፍ የሚሄደው ሁለት ዓመት ያልሞላው ነው። ብዙዎች የሚረሱት ልጁ እዚያው አያቶቹ ቤት ሳለ ሁለተኛ ልደቱ የሚከበር ከሆነ ለመመለሻው የራሱ ወንበር እንደሚያስፈልገው ነው። ይህን ቦሌ የቼክ ኢን ባንኮኒው ላይ የሚሰማ ወላጅ ሞልቶ የተሸጠ በረራ ላይ የቀረ ወንበር ሊፈልግ ነው። ወደ ውጭ አገር በሚደረግ በረራ የዕቅፍ ልጅም የራሱ ትኬት አለው፤ ብዙ ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ገደማና ቀረጥ ይከፈልበታል። ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ የተወለደ ሕፃን ካለ ተደውሎ መጨመር አለበት፤ ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም።

መንታ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። አንድ አዋቂ መታቀፍ የሚችለው አንድ ሕፃን ነው። በብዙ አውሮፕላኖች ሦስት ወንበር በተያያዘበት ረድፍ ያለው የኦክስጅን ጭምብል አራት ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት የታቀፉ ሕፃናት ጎን ለጎን እንዲቀመጡ አይፈቀድም። እናትና አባት በመተላለፊያው ግራና ቀኝ የሚደረጉት ለዚህ ነው። ተጨቃጭቃችሁ የምትቀይሩት ነገር አይደለም፤ ከመጀመሪያው የመተላለፊያ ወንበሮችን ፊት ለፊት መምረጥ ይሻላል። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የሕፃን አልጋም ከፊት ባሉት ጥቂት ረድፎች ብቻ የሚገኝ፣ የክብደት ልክ ያለው፣ ተጠይቆ የሚያዝ ነገር ነው። ረድፉን በገንዘብ መያዝ አልጋውን መያዝ ማለት አይደለም። የመኪና ወንበር ይዛችሁ ለልጁ ቦታ ከገዛችሁም ወንበሩ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ በመስኮት በኩል ነው፤ በአደጋ መውጫ ረድፍ ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም።

«ልጅ ነው፣ በሕግ አጠገቤ ያስቀምጡታል» ብሎ መተማመን

እንደ አገሩ ይለያያል። ካናዳ ውስጥ ግልጽ ሕግ አለ፤ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከወላጁ አጠገብ፣ ከ5 እስከ 11 ያለው በአንድ ረድፍ ከአንድ ወንበር በማይበልጥ ልዩነት፣ 12 እና 13 የሆነው ከአንድ ረድፍ በማይበልጥ ርቀት መቀመጥ አለበት። አሜሪካ እንዲህ አይደለም። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በመጋቢት 2023 የትኛው አየር መንገድ ልጆችን በነፃ ከወላጅ ጋር ለማስቀመጥ ቃል እንደገባ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አወጣ፤ በ2024 ደግሞ ለዚህ ክፍያ መጠየቅን የሚከለክል ደንብ ለውይይት አቀረበ። ሰንጠረዡ ላይ ቃል የገቡት ጥቂቶች ናቸው። ቃሉም ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሁሉም በአንድ ቁጥር መያዝ ከነዚያ አንዱ ነው።

በጣም ርካሹ የቤዚክ ኢኮኖሚ ትኬት ከሆነ ወንበር የሚታደለው ቼክ ኢን ሲደረግ ነው። ብቻውን ለሚሄድ ጎረምሳ ጥሩ ዋጋ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች ላለው ሰው ግን ቆይቶ ለወንበር መምረጫ የሚከፍለው ሲደመር ከመደበኛው ትኬት ሊበልጥበት ይችላል። ስለዚህ ድምሩን ሳትሠሩ አትግዙ።

የመረጡት ወንበር አይነካም ብሎ መርሳት

ወንበር ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው። በአንድ ረድፍ ሦስት ሦስት ሦስት ሆኖ በተሠራው ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ 350 ላይ መሀለኛውን መርጣችሁ ሳለ፣ አየር መንገዱ በአንድ ረድፍ አሥር ወንበር ያለው 777 ቢልክ ካርታው በሙሉ ይቀየራል፤ ኮምፒውተሩም እንደገና ያድላል። የበረራ ሰዓት ለውጥ የሚል ኢሜይል ሲደርሳችሁ ሰዓቱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ወንበሮቹን ክፈቱና ተመልከቱ። ከበረራው ሁለት ሦስት ቀን በፊትም ድገሙት።

የተከፈለበት ወንበር ተወስዶ ተመጣጣኝ ካልተሰጣችሁ ገንዘቡ ይመለሳል፤ አሜሪካ በ2024 ያወጣችው ደንብ ለተከፈለበትና ላልተሰጠ ተጨማሪ አገልግሎት ሁሉ ተመላሽ ያዛል። ደረሰኙን አትጣሉት።

በተለይ የሚያምታታው በሁለት አየር መንገድ የሚጠናቀቅ ጉዞ ነው። ከዴንቨር እስከ ዋሽንግተን ደለስ በዩናይትድ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሄድ ሰው አንድ ትኬት ሊይዝ ይችላል፤ ሁለቱም ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ጥምረት አባል ናቸውና። ወንበር የሚሰጠው ግን እያንዳንዱን በረራ የሚያበረው አየር መንገድ ነው። ትኬቱን የሸጠው ገጽ ላይ ለመጀመሪያው በረራ ወንበር መርጣችሁ ለረጅሙ በረራ ምንም ሳይያዝላችሁ ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሁለተኛውን አየር መንገድ ማስያዣ ቁጥር ጠይቃችሁ በራሱ ገጽ ግቡ። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም።

የወንበር ካርታውን እንደ ሽያጭ መዝገብ ማንበብ

ካርታው ላይ አራት ነፃ ቦታ ብቻ ስለታየ በረራው ሞልቷል ማለት አይደለም። ለአካል ጉዳተኞች፣ ለሕፃን አልጋ፣ ለአዘውታሪ ደንበኞችና ኤርፖርት ላይ እንዲታደሉ ተብለው የተዘጉ ወንበሮችም እንደተያዙ ሆነው ይታያሉ። ሲከፈቱ ደግሞ አንዳንዶቹ በነፃ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በድንጋጤ የሚከፈለው የወንበር ገንዘብ አብዛኛው ከዚህ ካርታ የሚመጣ ነው።

ስለ ኦቨርቡኪንግ እየፈሩ አርፍዶ መድረስ

አየር መንገዶች ከወንበር በላይ የሚሸጡት ትኬት ገዝቶ የሚቀር ሰው ሁልጊዜ ስላለ ነው። ሕገ ወጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩን ያናወጠው በ1972 ወንበር ሞልቷል ተብሎ ከአሌጌኒ አየር መንገድ በረራ የተመለሰው የሸማቾች መብት ተሟጋች ራልፍ ኔደር ነው፤ ክርክሩ በ1976 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ አየር መንገዶች ማንንም በግድ ከማስቀረታቸው በፊት በፈቃዱ የሚቀር ሰው እንዲጠይቁ የሚያስገድድ ደንብ መጣ። በሚያዝያ 2017 ቺካጎ ላይ አንድ ተሳፋሪ ከተቀመጠበት ተጎትቶ ሲወጣ የሚያሳየው ቪዲዮ ደግሞ ዓለምን ዞረ፤ ወንበሩ የተፈለገው ለአየር መንገዱ የራሱ ሠራተኞች ነበር። ከዚያ ወዲህ በወጣው ሕግ ቦርዲንግ ፓሱ በሩ ላይ ተነብቦለት የገባን ሰው ከወንበር በላይ ሸጠናል ብሎ ማስወረድ አይቻልም።

በግድ የሚቀረው ማን ነው? አየር መንገዱ የራሱን ቅደም ተከተል አውጥቶ ያሳውቃል፤ ቼክ ኢን የተደረገበት ሰዓት፣ የትኬቱ ዋጋና የአዘውታሪ ደንበኛ አባልነት ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ለአደጋ የሚጋለጠው ዘግይቶ የመጣና በቦርዲንግ ፓሱ ላይ የወንበር ቁጥር የሌለው ነው። ስለዚህ ኦንላይን ቼክ ኢን በተከፈተበት ሰዓት ግቡ፤ ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ሲቀረው ነው። ሲስተሙ «ሰነድ ይረጋገጥ» ብሎ ከከለከላችሁ፣ ለአዲስ አበባ በረራ ደግሞ ይህ የተለመደ ነው፣ የቼክ ኢን ባንኮኒው ሲከፈት ከፊት ከሚሰለፉት ሁኑ። ስድስት ሻንጣ የሚመዘንበት፣ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሞላበት ሰልፍ መሆኑን የምታውቁት ነው። ሚዛኑን ቤት ጨርሱት። ባንኮኒው ከተዘጋ በኋላ የደረሰ ሰው እንደቀረ ተሳፋሪ ይቆጠራል፤ የካሳ መብቱም ያኔውኑ ያከትማል።

ሳያወሩ እጅ ማውጣት

«ነገ ለመሄድ ፈቃደኛ የሆነ አለ?» ሲባል ቫውቸሩ ያጓጓል። በፈቃዱ የቀረ ሰው ግን የተስማማበትን እንጂ በሕግ የተቀመጠውን ካሳ አያገኝም። እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ለሁላችንም የተረጋገጠ ወንበር ያለው በረራ የትኛው ነው? ሆቴልና ምግብ አለ? ገንዘብ ነው ወይስ ቫውቸር? ቫውቸር ከሆነ መቼ ይቃጠላል? አንዱ ወላጅ ቀርቶ ሌላው ከልጆቹ ጋር የሚሄድበትን ስምምነት እኔ አልመክርም፤ ሻንጣው፣ ፓስፖርቱና የወተት ዱቄቱ ማን ጋ እንዳለ ሳይታወቅ በሩ ይዘጋል።

በግድ ከቀራችሁ ግን ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ የሚታሰበውም ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ነው። ከአሜሪካ ለሚነሳ ዓለም አቀፍ በረራ፣ ተተኪው በረራ ከመጀመሪያው ዕቅድ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ካዘገያችሁ የአንድ መንገድ ዋጋችሁን ሁለት እጥፍ እስከ 1,075 ዶላር፣ ከ4 ሰዓት ካለፈ አራት እጥፉን እስከ 2,150 ዶላር ታገኛላችሁ፤ ይህ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ያለው ልክ ነው። ከደለስ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ይሸፍናችኋል፤ ከቦሌ ስትመለሱ ግን አይሸፍንም። ከፍራንክፈርት ወይም ከሮም የምትነሱ ከሆነ የማንም አየር መንገድ ቢሆን የአውሮፓ ሕግ አለላችሁ፤ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነው ርቀት 600 ዩሮ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ስትመለሱ የሚሠራው የሚያበረው የአውሮፓ ኅብረት አየር መንገድ ሲሆን ብቻ ነው። ከቴል አቪቭ የሚበሩት ደግሞ በ2012 የወጣው የእስራኤል የአቪዬሽን አገልግሎት ሕግ አላቸው፤ እሱ ደርሶ መልሱን ይይዛል። በዚያው ኤርፖርት ሳላችሁ በግድ መቅረታችሁን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ።

ውስጥ ገብቶ በራስ መደልደል

ባዶ ያገኙት ላይ ልጅ አስቀምጦ ባለቤቱ ሲመጣ «እባክህ ወንድሜ» ማለት የእኛ ሰው ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል፤ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ በረራ ላይ ሕፃን የሚይዝላችሁ ሰው አይጠፋም። ያም ሆኖ ሰውየው ለመተላለፊያ ወንበሩ ከፍሎበት ሊሆን ይችላል፤ በምትኩ ከኋላ የመሀል ወንበር ማቅረብ አግባብ አይደለም። ቢያንስ እኩያውን ስጡት። ከዚያ በፊት ግን ጉዳዩን በሩ ላይ ላለችው ሠራተኛ ንገሩ፤ ሰው ሳይገባ ካርታውን ማንቀሳቀስ የምትችለው እሷ ናት። ያ ካልሆነ ለበረራ አስተናጋጇ፣ አውሮፕላኑ ከመንቀሳቀሱ አስቀድሞ። የሦስት ዓመት ልጅ ብቻውን አምስት ረድፍ ርቆ መቀመጡ ለእሷም የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ በአደጋ ጊዜ ወላጅ ልጁን ፍለጋ ከሚወጣው ሕዝብ ጋር ተቃራኒ ይሮጣልና።