የሚለመጥ ዘንግ ከክርና ከማባበያ ጋር ሲጣላ

ባሌ፣ ዲንሾ አጠገብ፣ ዳንካ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ላጠምድ ወጥቼ ነበር። የያዝኩት ዘንግ እንደ ልምጭ የሚተጣጠፍ ነው። ግማሹን ቀን እሱን ስረግም ዋልኩ። በኋላ ሲገባኝ ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ለደረቅ (ለማይለመጥ) ዘንግ የሚሆን ክርና ማባበያ፣ ማለትም ዓሣውን የሚያታልል መንጠቆ ያለው ሰው ሠራሽ ምግብ፣ አስሬበት ነው። እናንተም ይህ ጣጣ ከገጠማችሁ ሌላ ዘንግ ለመግዛት አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ከእጀታው ከፍ ብሎ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን እዩ። የሚችለው የማባበያ ክብደትና የክር ጥንካሬ እዚያ አለ። ጽሑፉ ከተፋቀ ከ2 እስከ 7 ግራም በሚመዝን ማባበያና ከ4 እስከ 6 ፓውንድ በሚችል ክር ጀምሩ።

ስትወረውሩት አይርቅም

ወንጭፍ አስቡ። በድንጋይ ፈንታ ላባ ብታስገቡበት የት ይደርሳል? ዘንጉም እንዲሁ ነው። ማባበያው ወደ ኋላ ጎትቶ ካላጎበጠው የሚያስፈነጥርበት ጉልበት አያገኝም። 1 ግራም ከሆነ ወደ 3 ወይም 4 ከፍ በሉ። አሁንም ካልራቀ ክሩን ጠርጥሩ። ወፍራም የናይሎን ክር በትንሽ ሪል (ዘንጉ ላይ ባለው የክር መጠቅለያ) ላይ እንደ ሞላ ተጠቅልሎ ይቀርና ሲወጣ በየቀለበቱ ይታሻል። በቀጭን ቀይሩት። ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛም ከጠርዙ 2 ሚሊሜትር ያህል እስኪቀረው በክር ሙሉት።

ዘንጉ እጥፍ ይላል፣ ማባበያው ያልታሰበበት ይወድቃል

ከብዶታል። ቀንሱለት። ስትስቡት ብቻ የሚጎብጥ ከሆነ ደግሞ ወደ ታች የሚጠልቅ፣ ውሃውን የሚገፋ ማባበያ አስራችኋል ማለት ነው። እሱን ለደረቅ ዘንግ ተዉት።

ዓሣው ይነክሳል፣ ያመልጣል

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው። መንጠቆው አፉ ውስጥ እንዲሰካ ግፊት ያስፈልጋል። ዘንጉ ይለመጣል፣ ናይሎኑ ይለጠጣል፤ የእጃችሁ ጉልበት መንገድ ላይ ያልቃል። ብዙ ሰው በኃይል እየመነጨቀ ሊፈታው ይሞክራል። እኔም ሞክሬያለሁ፤ ያተረፍኩት የትከሻ ሕመም ነው።

መፍትሄው መንጠቆው ላይ ነው። ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ስለታም መንጠቆ በትንሽ ግፊት ይገባል። ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ በቀስታ ጎተት አድርጉት። ከተንሸራተተ ደንዟል፤ ሳሉት ወይም ቀይሩት። ትናንሽ ስፒነሮች (ሲሳቡ የሚሽከረከሩ ማባበያዎች) እና ማንኪያ መሰል ብረቶች ለዚህ ዘንግ ይስማማሉ፤ እየሳባችኋቸው ስለሆነ ክሩ ሁሌም ውጥር ነው፣ ዓሣው ሲነክስ ራሱ ይሰካል። መንጠቆው ውስጡ የሚደበቅበት የላስቲክ ትል ግን አይሆንም። ላስቲኩን በስቶ ለመውጣት ጠንካራ ምት ይፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ይህ ዘንግ አይሰጣችሁም።

የማይለጠጥ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ክርም ይረዳል። ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ጎልቶ ስለሚታይ ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ናይሎን ቀጥሉበት። በጣም ቀላል ማባበያ ካሰራችሁበት ግን ላልቶ ይጠነጠንና በሚቀጥለው ውርወራ ተተብትቦ ይወጣል።

ክሩ ይጠማዘዛል

ስፒነር ስትሽከረከር ክሩን አብራ ታጠመዝዘዋለች። ከፊቷ ስዊቭል የምትባለዋን ትንሽ ተሽከርካሪ ማያያዣ እሰሩ። የሪሉ ፍሬን (ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቀው) ለቆ ክር እየወጣ ሳለም ሪሉን አታዙሩ። አስቀድሞ ከተጠማዘዘ ማባበያውን ፍቱና ባዶውን ክር ለወራጁ ውሃ ልቀቁት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ በጣቶቻችሁ መሃል እያሳለፋችሁ ጠንጥኑት።

ክሩ ይበጠሳል

መለመጡ ቀጭን ክርን ከድንገተኛ ንጥቂያ ስለሚያድን ከሌላ ዘንግ ያነሰ መበጠስ ነበረበት። ስለዚህ ፍሬኑን እዩ። ለ4 ፓውንድ ክር ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ ጫፉ ላይ እሰሩና በዘንጉ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ክሩ ሸርተት ማለት ሲጀምር ልክ ነው። ድርቅ ካለ አላሉት። ቋጠሮውንም ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቁን ከሳባችሁት ናይሎኑ በሰበቃው ይሞቅና እዚያው ይዳከማል።