ደለል ሁሌ ውሃውን አይከተልም፦ ስለ ከባድ ቅንጣቶች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ክረምት ላይ ከበሬሳ ወንዝ አንድ ብርጭቆ ድፍርስ ውሃ ቅዱና መስኮት ላይ አስቀምጡት። አሸዋው ብርጭቆውን ገና ሳታስቀምጡት ታች ይደርሳል። ቡናማው ግን በማግስቱም እዚያው ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ «ይሄማ አፈር አይደለም፣ ቀለም ነው» ብዬ ደፋሁት።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ «አፈር ከሆነ ይከብዳል፣ ከከበደ ቶሎ ይዘቅጣል» ማለት። አሸዋውም ጭቃውም ያው ከድንጋይ የመጣ ነው፣ እፍጋታቸውም ብዙ አይራራቅም። የሚለያዩት በመጠን ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ስሌት መሠረት ቅንጣቷ 10 እጥፍ ስታንስ 100 እጥፍ ትዘገያለች። በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ 0.1 ሚሊሜትር አሸዋ 2 ደቂቃ ገደማ ቢፈጅበት፣ 0.01 ሚሊሜትሩ 3 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ 0.001 ሚሊሜትሩ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሊደርስ ምንም አይቀረው። ብርዱንም አትርሱት። በ10 ዲግሪ ያለ ውሃ በ20 ዲግሪ ካለው 30 በመቶ ያህል ይወፍራል፣ ቅንጣቱንም ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ያው ድፍርስ ውሃ ሞቃቱ ሸዋ ሮቢት ላይ ከደብረ ብርሃን ቀድሞ ይጠልላል።

ሁለተኛው፣ ቅንጣት ሁሉ ውሃው የሄደበት ይሄዳል ብሎ ማሰብ። ጣርማ በር ላይ አውቶቡሱ ሲታጠፍ አጠገባችሁ ያለው ሰውዬ የሚደገፋችሁ ለምን ይመስላችኋል? መኪናው ይታጠፋል፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። አሸዋም አዙሪት ውስጥ ሲገባ እንደዚያው ነው፣ መታጠፊያው ያመልጠውና ወደ ውጭ ይወጣል። በጣም ደቃቁ ብቻ ነው ውሃውን እሺ ብሎ የሚከተለው፤ አውድማ ላይ ገብሱን በመንሽ ስናነሳው እብቁ ከንፋሱ ጋር ሲሄድ ፍሬው እግራችን ስር እንደሚወድቀው ማለት ነው።

ከዚህ የሚመጣ ሌላ ስህተት አለ፤ ውሃ ሲበጠበጥ ቅንጣቱ እኩል ይሰራጫል የሚለው። ከአዙሪቶቹ የተባረሩት መካከለኛ ቅንጣቶች በአዙሪቶቹ መሃል ባለው ክፍተት ተጠጋግተው ይከማቻሉ።

«ውሃው ከተበጠበጠ ቅንጣቱ አይዘቅጥም» የሚሉም አሉ። ተመራማሪው ማርቲን ማክሲ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እየወረዱ ያሉ ቅንጣቶች ውሃው ቁልቁል በሚወርድበት በአዙሪቱ ጎን ማለፍ ስለሚቀናቸው ከረጋ ውሃ ይልቅ ቶሎ ሊዘቅጡ ይችላሉ። ለኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

አሁን አንዳችሁ «ታዲያ ሻይ ሳማስል ቅጠሉ ለምን መሃል ይሰበሰባል?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ልክ ነው፣ ስህተቱ አዙሪቱን ብቻ ማየቱ ላይ ነው። ከብርጭቆው ወለል ጋር የሚፋተገው ውሃ ይዘገይና ወደ መሃል ይፈሳል፣ ቅጠሉን የሚጠርገው እሱ ነው። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1926 ይህን ሲያብራራ የወንዝ እጥፋትም በዚያው መንገድ እንደሚሠራ ጽፏል። ጀማ ወንዝ ወርዳችሁ አሸዋ ካስፈለጋችሁ በእጥፋቱ ውስጠኛ ዳር ፈልጉት፤ ውጪኛውን ዳር ውሃው እየሸረሸረው ነው።