የዋሊያስ ባንድን ታሪክ ስታወሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት የኖረው የዋሊያስ ባንድ ወሬ በየሬዲዮውና በየዩቲዩቡ ሞልቷል። ደስ ይላል። ችግሩ አንዱ የተሳሳተውን ሌላው እየገለበጠ፣ ስህተቱ ራሱ ታሪክ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ባንድ ለመጻፍ ወይም ለማውራት ያሰባችሁ፣ እስቲ እነዚህን አንድ በአንድ እዩልኝ።

ኦርጋኑ የማን እንደነበር አለመጠየቅ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ዋሊያስ «የግል ባንድ» ነበር ሲባል ብዙ ሰው የመንግሥት ያልሆነ ማለት ብቻ ይመስለዋል። በንጉሡ ዘመን ሙዚቀኛ ነኝ የሚል ሰው በአብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ደሞዝተኛ ነበር። ናይት ክለቦች ሲበዙ ከዚያ ወጥቶ መጫወት ተቻለ። ግን ክለብም ጌታ ነው። ኦርጋኑ የክለቡ፣ ከበሮው የክለቡ፣ ድምፅ ማጉያው የክለቡ። ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ሙዚቀኛ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ማታ ሌላ ሰው እዚያው ኦርጋን ላይ ይቀመጣል።

ዋሊያሶች የተነሡት ቬነስ በሚባለው ክለብ ከሚጫወቱ ልጆች ነው። ከቀረጻና ከኮንሰርት ያገኙትን እያጠራቀሙ የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። መሣሪያ ያለው ባንድ ደግሞ ተደራድሮ ይገባል፣ ካልተስማማው ጭኖ ይወጣል። አዲስ አበባ ሒልተን ውስጥ ለዓመታት የዘለቁት እንዲህ ሆነው ነው። ስለ ስልታቸውና ስለ ልብሳቸው አሥር ገጽ ተጽፎ ይህ ከቀረ፣ ዋናው ነገር ቀርቷል።

«ዘፋኙ ማነው?» ብሎ መጀመር

እኛ ጋ ዘፈን ማለት ዘፋኝ ነው። ካሴቱ ላይ ፎቶው ያለው እሱ ነው፤ ከኋላ የሚጫወቱት «አጃቢ» ተብለው ያልፋሉ። ዋሊያስም ብዙ ድምፃዊ አጅቧል። ነገር ግን በ1977 (እ.ኤ.አ.) በካይፋ ሪከርድስ የወጣው «ቼ በለው» የተሰኘው ሸክላ ድምፃዊ የለበትም። ከዳር እስከ ዳር መሣሪያ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ድፍረት ይጠይቃል። እዚያው ሸክላ ላይ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት»ን የውጭ ባንዶች እስከ ዛሬ የሚጫወቱት ያለ አንድ ስንኝ ነው።

ሁሉንም ለሙላቱ መስጠት

ሙላቱ አስታጥቄ ትልቅ ሰው ነው፣ ክርክር የለውም። «ቼ በለው» ላይም ቪብራፎን ተጫውቷል። ግን በእንግድነት ነው። ኦርጋኑ ላይ የተቀመጠው ኃይሉ መርጊያ ነው፤ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ መላኬ ገብሬ ቤዝ፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት ይጫወታሉ። እነዚህን ስሞች ጻፉ። አይከብድም።

ከአይቤክስ ጋር ማምታታት

አይቤክስ ሌላ ባንድ ነው። ዋልያን እንግሊዝኛው አይቤክስ ይለዋል፤ ሁለቱም ስማቸውን ያወጡት ከዚያው ከዋልያ ነውና ሰው ቢሳሳት አይገርምም። ሆኖም የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በ1975 (እ.ኤ.አ.) የሠራው አይቤክስ ባንድ ነው፣ ዋሊያስ አይደለም። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ።

ዓመተ ምሕረት መቀላቀል

አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ አቋቁሞ የሸክላውን ሞኖፖል የሰበረው በ1969 ነው። «ቼ በለው» የወጣውም በ1969 አካባቢ ነው። እንዴት? የፊተኛው በፈረንጅ፣ የኋለኛው በኛ አቆጣጠር ነዋ! አንደኛው በንጉሡ ጊዜ ነው፣ ሌላው በቀይ ሽብር ዋዜማና መሃል። የውጭ ጽሑፍ ላይ ያገኙትን ዓመት «ዓ.ም.» ብለው የሚለጥፉ ሰዎች ባንዱን ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ያሻግሩታል። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና በዚያው ጨርሱ።

«ደርግ ገባ፣ ሙዚቃ ሞተ» ማለት

እውነት ያለው ግማሽ ነው። ክለቦች ተዘጉ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ አርቲስቶች ተሰደዱ። የሒልተኑን ምሽት ግን አስቡት። ሰዓት እላፊው ከደረሰ ወደ ቤት መሄድ አይቻልም። ስለዚህ የመጣው ሰው እስኪነጋ እዚያው ይቆያል። ባንዱም አብሮ ያነጋል። ውጭ ወታደር ይዞራል፣ ውስጥ ሰው ይጨፍራል። ዋሊያስ ያንን ሁሉ ሌሊት መሙላት ነበረበት፤ ያለ ድምፃዊ ረጅም ሰዓት መጫወትን ከዚህ ጋር አያይዞ የማይጽፍ ሰው ይገርመኛል።

በ1981 መጋረጃ መዝጋት

በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባንዱ አሜሪካ ሄደ፤ ማህሙድ አህመድና ጌታቸው ካሳም አብረው ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላኬ ዋሽንግተን ቀሩ። ሌሎቹ ተመለሱና አዲስ አበባ መጫወታቸውን ቀጠሉ። ከቀሩት ደግሞ ዙላ ባንድ ተወለደ። «ፈረሰ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ወገን አይመጥንም። ለሁለት ተከፈለ ብትሉ ይሻላል።

«ፈረንጅ ታክሲ ውስጥ አገኘው»

ኃይሉ መርጊያን ተረስቶ ታክሲ ሲነዳ አንድ ፈረንጅ አገኘው የሚለው ወሬ ያናድደኛል። ኃይሉ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነድቷል፣ እውነት ነው። መንገደኛ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይዞ ይለማመድም ነበር። ያቆመ ሰው አይለማመድም። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ያዋሃደበትን ካሴት ሠራ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው አሳታሚ ያንን ካሴት እንደገና ሲያሳትም ዓለም አጨበጨበ። የአሳታሚው ባለቤት ካሴቱን ያገኘው ግን ዋሽንግተን አልነበረም፤ ባሕር ዳር ነው። እዚያ እንዴት ደረሰ? የኛው ሰው ሸጦት፣ የኛው ሰው ገዝቶት፣ የኛው ሰው ሰምቶት ነዋ።

ከዚያ ወዲህ ኃይሉ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) አውጥቷል፤ በየአገሩም ዞሮ ተጫውቷል። ታክሲውን መጥቀስ ክልክል አይደለም። አንድ መስመር ግን ይበቃዋል።