«ጠንካራ ፓምፕ ያስፈልጋል» የችግር መግለጫ አይደለም

ደሴ ላይ ለአንድ ግቢ ጉድጓድ የተጀመረው ዲዛይን ችግሩን «ፓምፑ አቅም ያንሰዋል» ብሎ ነበር ያስቀመጠው። ይህ ችግር ሳይሆን የመፍትሔ ግምት ነው። ባለ 1 ፈረስ ጉልበቱ በባለ 2 ሲቀየርም ያው ጠጠር የሚፈጭ ይመስል እያጓራ ውሃ አልሰጠም።

መለካት የነበረበት ከፓምፑ እስከ ውሃው ወለል ያለው ቁመት ነው፦ በክረምት 4፣ በበጋ 6.5 ሜትር። ልኬቱ ውሃ ከተቀዳ በኋላ ይወሰድ፤ ሳይነካ ያደረ ጉድጓድ ያታልላል። መሬት ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃውን አይጎትትም፤ ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። ግፊቱ በባሕር ጠለል 10.3 ሜትር ውሃ ይሸከማል፣ ኮምቦልቻ 8.2 ገደማ፣ ደሴ በ2,500 ሜትር ከፍታ 7.6 ገደማ ብቻ። ከዚህ ላይ ቱቦውና ፓምፑ ራሱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይበላሉ፤ የሚቀረው ለበጋው 6.5 ሜትር አይበቃም። (ኮምቦልቻ የሠራ ፓምፕ ደሴ ሲወጣ እምቢ ቢል አይግረማችሁ።)

መግለጫው እንዲህ ተስተካከለ፦ «በበጋ 6.5 ሜትር ከሚወርድ ውሃ፣ ከመሬት 9 ሜትር ከፍ ወዳለ ሮቶ፣ በሰዓት 1,000 ሊትር ማድረስ።» የፓምፕ ስም የለበትም። ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከታች የሚገፋ ባለ 0.5 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ በቃ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው እንዳይመለስ አንድ ቫልቭ ተጨመረለት።