ዘይቱ ከፌሮው በፊት
ደሴም ኮምቦልቻም ቤት የምታሠሩ፣ ይህችን ልብ በሉ። ብዙ ቦታ ካሳፎርማው (አርማታ የሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ) የተቃጠለ ዘይት የሚቀባው ፌሮው (አርማታው ውስጥ የሚገባው ብረት) ታስሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ዘይቱ ብረቱን መንካቱ አይቀርም። መጀመሪያ ጣውላውን በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ፌሮው ይግባ። የኮለን (የምሰሶ) ከሆነ ጣውላው ሳይቆም መሬት ላይ ይቀባ። አርማታ ብረቱን የሚይዘው በመጣበቅ፣ በሰበቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብረቱ ላይ ያሉትን ጉብታዎች ነክሶ ነው። ዘይት ካለ መጣበቁ ይቀራል፣ ሰበቃውም ይላላል። የነካው ካለ አርማታው ሳይሞላ በደንብ ይጽዳ።

በነገራችን ላይ፣ ክረምት ደጅ ያደረ ፌሮ ትንሽ ቀላ ቢል አትደንግጡ፣ ስስ ዝገት አይጎዳም። እየተላጠ የሚረግፈውን ግን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት። ተበልቶ ከቀጠነ አትጠቀሙበት።